“ማን አስገደዳት?”

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና ኖሬአለሁ፤ ከያዝኳቸው መዝገቦች የሚበዙት የባልና ሚስት ናቸው። ስለ ፍቅርና ክህደት ልጽፍላችሁ ስነሳ ግን ቀድሞ የመጣብኝ አንድ የጥንት ግሪኮች ተረት ነው።

ሜዲያ የኮልኪስ ንጉሥ ልጅ ነበረች፤ አገሯ ዛሬ ጆርጂያ በምትባለው የጥቁር ባሕር ዳርቻ ነው። ያሶን የወርቁን አጎዛ ፍለጋ አርጎ በምትባል መርከብ ሲመጣ ወደደችው። እሳት የሚተነፍሱትን በሬዎች ጠምዶ እንዲያርስ ገላውን የሚቀባው መድኃኒት ሰጠችው፤ አጎዛውን የሚጠብቀውን ዘንዶ አስተኛችለት፤ አባቷን ጥላ፣ በወንድሟ ደም እጇን ነክራ ተከተለችው። ልጆች ወለዱ። ቆሮንቶስ ሲደርሱ ያሶን የንጉሡን ልጅ አገባ።

የግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት ኤውሪፒደስ ይህን ታሪክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 አቴንስ ላይ ለመድረክ ሲያበቃ፣ ያሶንን እንደ ጠበቃ አስከራክሮታል። ያሶን ውለታዋን ጨርሶ አይክድም፤ ይቀንሰዋል። ያዳነችኝ የፍቅር አምላክ አፍሮዲት ናት፣ አንቺማ ፍቅር አስገድዶሽ ነው ይላታል። ከሰጠሽኝ ያገኘሽው ይበልጣል፣ ግሪክ አገር ለመኖር በቅተሻል ይላታል። አዲሱን ጋብቻም ለአንቺና ለልጆቻችን ብዬ ነው ይላል።

ይህን ክርክር እኔ በአማርኛ ሰምቼዋለሁ። አንዲት ሴት ዓረብ አገር ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ስትመለስ፣ በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት ሌላ ሴት ገብታበት ጠበቃት። ቢሮዬ የመጣችው በላስቲክ የታሰረ የሐዋላ ደረሰኝ ይዛ ነው፤ የቆዩቱ ቀለማቸው ለቆ ባዶ ወረቀት ሆነዋል። ባልየው በሽማግሌዎች ፊት የተናገረው ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም፦ “ወዳ ላከች፤ ማን አስገደዳት?”

ልጆቼ፣ ይህች ቃል አፋችሁ ላይ ስትመጣ ደንግጡ። እኔ ባየሁት ክህደት የሚጀምረው፣ የዋለላችሁን ሰው ድካም በልባችሁ እያነሳችሁ መቀነስ ስትጀምሩ ነው። ሌላ ሰው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሜዲያን በቀል አላጸድቅም። ሙሽራይቱን በተመረዘ ልብስ፣ ልጆቿን በገዛ እጇ ገደለች። ከእናንተ መካከል የተከዳ ካለ፣ እባካችሁ ልጆቹን የበቀል መሣሪያ አያድርግ። ስንቱን ሕፃን በችሎት ኮሪደር ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ከጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ከሆሜር ደግሞ ፔኔሎፔን አስቧት። ለጦርነት የዘመተ ባሏን ኦዲሴዩስን 20 ዓመት ጠበቀች፤ ሊያገቧት የከበቧትን ወንዶች፣ ይህን ሸምኜ ስጨርስ አንዳችሁን አገባለሁ ብላ፣ ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየፈታች ሦስት ዓመት አታለለች። ኦዲሴዩስ በበኩሉ ካሊፕሶ ከምትባል ሴት አምላክ ጋር ሰባት ዓመት ኖሯል። ታማኝነትን ከሴት ብቻ መጠበቅ ያኔም ዛሬም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ካሊፕሶ የማይሞት ላድርግህ ስትለው፣ ሚስቴ በመልክ አትደርስብሽም፣ ሟችም ናት፣ እኔ ግን ቤቴን እናፍቃለሁ አላት።

ሲመለስ ፔኔሎፔ ወዲያው አላመነችውም። አሮጊቷን ሞግዚት ጠርታ፣ አልጋውን ከእልፍኝ አውጥታ እንድታነጥፍለት አዘዘች። ኦዲሴዩስ በቁጣ ነደደ፤ አልጋዬን ማን ነቀለው? አለ። አንዱ እግሩ ሥሩ መሬት ውስጥ ያለ የወይራ ግንድ ነበር፤ እልፍኙን በዙሪያው የሠራው እሱ ራሱ ነው። ከሁለቱና ከአንዲት አገልጋይ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ፔኔሎፔ ጉልበቷ ከዳት፤ እያለቀሰች ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።