ካንሰሩ ለቀቀኝ፣ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ስፖርት ብጀምር ይጎዳኛል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 20 ነው። በ16 ዓመቴ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶብኝ ኬሞቴራፒ ወስጃለሁ። ሕክምናውን ከጨረስኩ ከአንድ ዓመት በላይ ሆነኝ። የደም ምርመራዬ ደህና ነው ይሉኛል። ግን ሁሌም ይደክመኛል። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጓደኞቼ ሲጫወቱ እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እናቴ «ገና አላገገምሽም፣ ዕረፊ» ትለኛለች። ስፖርት ብጀምር በሽታው ይመለስብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልስ። ስፖርት ስለሠራሽ ካንሰሩ አይመለስም። ይህን ስጋት ከልብሽ አውጪው።

እናትሽን እረዳቸዋለሁ። በጠና ታመሽ ያዩሽ እናት ዕረፊ ቢሉሽ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ከካንሰር ሕክምና በኋላ የሚቀረው ድካም ተኝተው የሚያባርሩት ዓይነት አይደለም። ብዙ በተቀመጥሽ ቁጥር ጡንቻሽ ይሳሳል፣ የልብሽና የሳንባሽ አቅም ይቀንሳል። ከዚያ ትንሹ ሥራ ይከብድሻል። ስለከበደሽ ደግሞ ይበልጥ ትቀመጫለሽ። ይህን አዙሪት የሚሰብረው እንቅስቃሴ ነው። በ2019 የወጣ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ምክር እንደሚለው፣ በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ ማድረግ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ድካምን፣ ጭንቀትንና ድብርትን ይቀንሳል፤ የኑሮ ጥራትንም ያሻሽላል።

ሆኖም ነገ ተነስተሽ ሩጫ እንዳትጀምሪ። ደረጃ ላይ ትንፋሽ ማጠሩን እኔ በቀላሉ አላልፈውም። ለዚህ ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ዳውኖሩቢሲንና ዶክሶሩቢሲን የልብን ጡንቻ ሊያደክሙ ይችላሉ። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰድሽ ከፋይልሽ ላይ ይታይ፤ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ተነሺ። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራም አብሮ ቢደረግ ጥሩ ነው። እንቅልፍሽንና ስሜትሽንም ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ድብርት ብዙ ጊዜ ድካም መስሎ ይመጣል።

ስለ እግርሽም ልጠይቅሽ። ለዚህ ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የተባለ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። እግርሽ የሚደነዝዝ ወይም ስትራመጂ የሚያደናቅፍሽ ከሆነ፣ ከሩጫ በፊት ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር የሚዛን ልምምድ መሥራት አለብሽ። በዚሁ ሕክምና ውስጥ የሚሰጡት እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ደግሞ አጥንት ሊያሳሱ ይችላሉ። አንዳንዴም የዳሌ አጥንት ደም እንዳያገኝ አድርገው ይጎዱታል። ብሽሽትሽ፣ ዳሌሽ ወይም ጉልበትሽ ላይ የማይተው ሕመም ካለ፣ እስኪመረመር ድረስ መዝለልና መሮጥ ይቅር።

ምርመራው ደህና ከሆነ በ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ ጀምሪ። እየሄድሽ ማውራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ ልኩ እሱ ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ጨምሪበት። ሰውነትሽ ሲለምድ በሳምንት 2 ቀን የጡንቻ ሥራ አክዪ፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ መሥራት ለመነሻ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። እዚያ ለመድረስ አትቸኩዪ። በጣም በደከመሽ ቀን 5 ደቂቃ ብቻ ተራመጂ፣ ግን ጨርሰሽ አትተዪው።

ጓደኞችሽን ቁጭ ብለሽ ማየትሽ ነው ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ። በልጅነታቸው የታከሙ ብዙ ወጣቶች ሰውነታቸው የከዳቸው ይመስላቸዋል። ያ እምነት የሚመለሰው ትናንት ያልቻልሽውን ዛሬ ስትችዪ ነው። ስለዚህ ከአንዲት ጓደኛሽ ጋር ጀምሪ። ዳንስም ይሁን ብስክሌት፣ የምትወጂውን ምረጪ። የማትወጂውን ስፖርት ሁለት ሳምንት ሠርተሽ ትተዪዋለሽ።

ለምርመራ ስትሄጂ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ምን እንደተፈቀደልሽ ከሐኪምሽ አፍ ይስሙት፤ እሳቸውም ያርፋሉ።

በእንቅስቃሴ መሀል ደረትሽን ካመመሽ፣ ልብሽ ያለ ልክ ከመታ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም እግርሽ ካበጠ ግን ወዲያው አቁመሽ በዚያው ቀን ታከሚ። ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት የሚወጣ ሰማያዊ ምልክት ቆዳሽ ላይ ካየሽም ቀጠሮሽን አትጠብቂ።