ቪዲዮዬ ለምን እንደ ጀልባ ይዋዥቃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከብዙ ቁጠባ በኋላ ጂምባል የሚሉትን፣ ካሜራ የሚያረጋጋ ባለ ሞተር መያዣ ገዛሁ። ካሜራዬ አሁን አይንቀጠቀጥም፣ አያጋድልም። ስራመድ ግን ምስሉ ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ጀልባ ይዋዥቃል። «ሮኪ» በተባለው የ1976ቱ የቦክሰኛ ፊልም ላይ ሰውየው ደረጃውን በሩጫ ሲወጣ ካሜራው አብሮት ይወጣል፤ ምስሉ ግን ውሃ ላይ የሚንሸራተት ይመስላል። ያን ጊዜ የእኔ ዓይነት ጂምባል አልነበረም። እነሱ እንዴት አደረጉት? እኔስ ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም። ጋሼ ስላልከኝ እኔም አንቱታውን ትቼ አንተ እልሃለሁ።

ካሜራ በሁለት መንገድ ይረበሻል። አንደኛው መዞር ነው፤ አፍንጫው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል፣ ወደ ጎን ይዞራል፣ ወይም አድማሱ ያጋድላል። ሁለተኛው ከነሙሉ አካሉ ቦታ መልቀቅ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃህ ጥቂት ሴንቲሜትር ይነሣል፣ ይወርዳል። የጂምባልህ ሦስት ሞተሮች የሚያርሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ከጉልበትህ መታጠፍ በቀር የሚከለክለው የለም። ያ ደረጃ የተቀረጸበት ስቴዲካም የተባለው፣ በሰውነት የሚለበስ የካሜራ መደገፊያ ግን ሁለቱንም ይይዛል፤ ያውም ያለ አንድ ሞተር።

ፈልሳፊው ጋሬት ብራውን የተባለ የፊላዴልፊያ ሰው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማስታወቂያ ይሠራ ነበር። ዶሊው፣ ማለትም ካሜራ ተጭኖበት የሚገፋው ጋሪ፣ 800 ፓውንድ ይመዝን ነበር፤ ከ360 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። ያን የሚያህል ብረት እየገፋ ሰው መከተል ሰለቸው። ካሜራውን ትከሻ ላይ አድርጎ መሮጥም ይቻላል፤ ምስሉ ግን ይንገጫገጫል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። «በትከሻ የተቀረጸ ምስል እውነተኛው የሰው እይታ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እስቲ ተነሥና ክፍሉን ተሻገር። ግድግዳው ተንቀጠቀጠብህ? ጭንቅላትህ በየእርምጃው ይናጣል። ነገር ግን ከውስጠኛው ጆሮ የሚመጣው መልእክት ዓይንህን በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚያዞረው፣ አእምሮህም የቀረውን ስለሚያርመው ዓለም ጸጥ ብላ ትታይሃለች። ለሰው እይታ የሚቀርበው እንግዲህ ትከሻው ሳይሆን የብራውን ዕቃ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የካሜራ የስበት ማዕከል ሆዱ ውስጥ ስለሆነ በጣት ልትይዘው አትችልም፤ ከውጭ ስትነካው ይዞራል። ብራውን ካሜራውን ዘንግ አናት ላይ አደረገው፤ ባትሪውንና ሞኒተሩን ወደ ታችኛው ጫፍ አወረዳቸው። የስበት ማዕከሉ ከካሜራው ወጥቶ ዘንጉ ላይ፣ ጣት በሚደርስበት ቦታ ዋለ። ክብደቱም ወደ ሁለቱ ጫፎች ስለተበተነ በትንሽ ንክኪ አይዞርም። ገመድ ላይ የሚራመድ ሰው ረጅም ዘንግ የሚይዘው ለዚህ ነው። ከስበት ማዕከሉ በትንሹ ከፍ ብሎ ሳይጎረብጥ የሚዞር መጋጠሚያ አለ፤ እሱም እንደ አንተ ዕቃ ጂምባል ይባላል፣ ሞተር ግን የለውም። መጋጠሚያው ሞላ ባለው ክንድ ላይ ያርፋል፤ ክንዱ ደግሞ ከለበስከው ሰደርያ ጋር ይያያዛል። ሞላው የዕቃውን ክብደት ልክ ስለሚሸከም እርምጃህ ወደ ላይ ሲያነሣህ ክንዱ ይታጠፋል እንጂ ካሜራው አይነሣም። አንተ የጎደለህ ይህ ክንድ ነው።

ለእኔ ከሞላውም የሚበልጠው ግን ዓይን ከካሜራው መላቀቁ ነው። ቀድሞ ካሜራማኑ አንድ ዓይኑን የካሜራው መመልከቻ ላይ ለጥፎ በሌላው እየገመተ ነበር የሚራመደው። በስቴዲካም ዝቅ ብሎ ሞኒተሩን ያያል፣ በዚያው እግሩ የሚያርፍበትን ደረጃ ያያል፣ ተዋናዩንም ያያል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የለበስኩት ቀን ይህ ሁሉ አልገባኝም ነበር። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ አንዲት ተዋናይ መከተል ነበረብኝ። ዘንጉን ጨምድጄ ያዝኩት። ጭነቱ ከፊት ስለሚጎትት ወገቤን ወደ ኋላ መለስ ማድረግ ሲገባኝ እኔ ተከትየው አጎነበስኩ። የተቀረጸውን ስናይ ኮሪደሩ ሰክሯል። አንድ አንጋፋ ካሜራማን መጥቶ ሳይናገር ጣቶቼን አንድ በአንድ ከዘንጉ ላይ ፈታቸው፤ አውራ ጣቴንና ሁለቱን ብቻ ተወልኝ። «አትምራው፣ ሐሳብህን ንገረው» አለኝ። ሐሳቡ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ወገቤ እስኪቃና ግን ሦስት ቀን ፈጀ።

ወደ ደረጃው ልመለስ። ብራውን ዕቃውን ለማስተዋወቅ ሰው ሊቀርጻቸው አይችልም የተባሉ ሾቶችን ሰብስቦ የማሳያ ፊልም ሠራ። በአንዱ ላይ በኋላ ሚስቱ የሆነችው ወዳጁ የፊላዴልፊያን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃ በሩጫ ትወርዳለች፣ መልሳም ትወጣለች። የ«ሮኪ» ዳይሬክተር ጆን አቪልድሰን ይህን አይቶ እንዴት እንደተቀረጸ ብቻ አልጠየቀም፤ ደረጃው የት እንደሚገኝም ጠየቀ። አንተ ያደነቅከው ትዕይንት መነሻው ይኸው ነው። ደረጃው ላይ መሮጥ ካሜራው እንደሚችለው ከታየ በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው፤ ዕቃው ትዕይንቱን ወለደው ማለት ይቻላል።

ያንኑ ማሳያ ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኪዩብሪክም አየው። ዕቃው የፊልም ቀረጻን እንደሚለውጥ ዕቃውን ለሚያመርተው ኩባንያ ጻፈና አንድ ማስጠንቀቂያ አከለበት፦ በሁለት ቦታ፣ ተደምሮ በ14 ፍሬሞች፣ ማለትም ነጠላ ምስሎች ላይ፣ የዕቃው ጥላ መሬት ላይ ይታያልና ምስጢሩ ሳይወጣ ቆርጣችሁ አውጡት አለ። 14 ፍሬም ከአንድ ሰከንድ በታች ነው! ዝቅ ብሎ እስከ ምን ድረስ መቅረጽ እንደሚችልም ጠይቆ ነበር። ለምን እንደጠየቀ በ1980 «ዘ ሻይኒንግ» ላይ ታየ። ልጁ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቱን በሆቴሉ ኮሪደሮች ሲነዳ ካሜራው ከወለሉ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ከኋላው ይከተለዋል፤ ብራውን የሚገፋ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር።

ስቴዲካም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት ረጅም ፊልም «ባውንድ ፎር ግሎሪ» ነው፤ የካሜራው ኃላፊ ሃስኬል ዌክስለር ነበር። ብራውን ዕቃውን ለብሶ ከፍ ያለ ክሬን ላይ ቆመ፤ ክሬኑ አወረደው፤ መሬት ሲነካ ወርዶ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች መሀል ተራመደ፤ ይህ ሁሉ ሳይቆረጥ። ለዶሊ ሐዲድ ቢዘረጋ ኖሮ ሐዲዱ ራሱ በምስሉ ውስጥ ይታይ ነበር። በዶሊ ዘመን ተዋናዩ ሐዲዱ ወዳለበት ነበር የሚሄደው። አሁን ካሜራው ተዋናዩ ወዳለበት ይሄዳል፤ በበር፣ በደረጃ፣ በኩሽና። ዕቃው በ1978 ኦስካር አገኘ።

ነገር ግን የሚንሸራተት ምስል ሁሉ ጥሩ ምስል አይደለም። ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲነጋገር ካሜራው ዙሪያቸውን ሲዞር ሳይ ወገቤን ያመኛል። በ1990 «ጉድፌላስ» ላይ ላሪ ማኮንኪ ሁለቱን ጥንዶች ከመንገድ ተነሥቶ በጓሮ በር፣ በመተላለፊያውና በኩሽናው በኩል እስከ ጠረጴዛቸው ሲከተላቸው ምክንያት አለው፦ ሰውየው በር ሁሉ እንደሚከፈትለት ልጅቷም እኛም እኩል እናያለን።

ስለ አንተ ጂምባል፦ ጉልበትህን ሸብረክ አድርግ፤ ከተረከዝ ወደ ጣት ቀስ ብለህ አሳርፍ፤ ክርንህን ከጎንህ አላቅቀው፣ እጅህ ሞላ ይሁን። ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ተጠቀም። የመነሣትና የመውረዱ ነገር በብዛት የሚታየው ቅርብ ባለ ነገር ላይ ነው፤ ሩቅ ያለ ተራራ አይዋዥቅም፣ አጠገብህ ያለ ወንበር ግን ይዋዥቃል። ስለዚህ ስትራመድ ቅርብ ያለውን ነገር ከምስሉ አውጣ። ለጂምባል የሚሆን ሞላ ያለው ክንድ ለብቻው ይሸጣል፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ሁለት ሳምንት በጉልበትህ ሞክር።

ጥያቄ፦ በ1983ቱ የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ላይ በጫካ ውስጥ የሚደረገው የፍጥነት ማሳደድ በእግር እየተሄደ ነው የተቀረጸው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ እመቤቴ። ብራውን ራሱ ስቴዲካሙን ለብሶ በካሊፎርኒያ ረጃጅም ዛፎች መሀል ተራመደ። ካሜራው በሰከንድ ከአንድ ፍሬም በታች ነበር የሚቀርጸው፤ ሲታይ ግን በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ በሰከንድ አንድ ፍሬም እንኳ ቢቀረጽ ማያው ላይ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ በታች ሲሆን ደግሞ ይበልጣል። ችግሩ መወላገዱም አብሮ መፍጠኑ ነው። በዝግታ ወደ ግራ ዘንበል ብለው ሲቀናኑ አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፤ ማያው ላይ ያ ዓይን ከመርገብገብ ያጠረ ንቅናቄ ይሆናል። ተራ የትከሻ ካሜራ ቢሆን ኖሮ ጫካው ዛፍ በዛፍ ይፈራርስ ነበር።