መልስ፦ የዳናንግ ሐይቅ ደለል እንዴት ጸዳ?

በዳናንግ አየር ማረፊያ ያለውን የሴን ሐይቅ ውሃ አጣርቶ መልቀቅ ለምን አልበቃም ላልከው፦ ዋናው መርዝ ውሃው ውስጥ አልነበረማ! ከኤጀንት ኦሬንጅ (በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ከረጨው የተክል ማጥፊያ) የቀረው ዳዮክሲን የተባለው መርዝ ከውሃ ጋር አይስማማም። ደለሉ ላይ፣ በተለይ የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ጭቃ ላይ፣ ሙጭጭ ይላል። ስለዚህ ጭቃው ራሱ መውጣት ነበረበት።

በቬትናሙ ዳናንግ አየር ማረፊያ የተሠራው እንዲህ ነው፦

1. ደለሉን ቆፍረው አወጡና ውሃውን አንጠፈጠፉ። ይህን አትናቀው። እርጥብ ጭቃ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ እስከዚያ መብራት ይበላል።

2. ከተበከለው አፈር ጋር ግድግዳ በተሠራለት ትልቅ ክምር ውስጥ ሞሉት።

3. ክምሩ ውስጥ በተተከሉ ማሞቂያ ዘንጎች ቢያንስ 335 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አደረሱት። አብዛኛው ዳዮክሲን እዚያው ይፈራርሳል፤ የተረፈው ተን ተስቦ ይጣራል።

ከ2012 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ወደ 90,000 ሜትር ኩብ በዚህ መንገድ ታክሟል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። እኔ የላብራቶሪ ውጤት ስቀበል መጀመሪያ የማየው «በደረቅ ክብደት» (ውሃው ሳይቆጠር) የሚለውን ነው። የደለል ናሙና ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል። በእርጥቡ ከተሰላ ቁጥሩም በግማሽ ይወርዳል። የዳናንግ የደለል ገደብ ከአንድ ትሪሊዮን እጅ 150 እጅ ዳዮክሲን ነበር፤ 250 የሆነ ጭቃ 125 መስሎ ሊያልፍህ ይችላል።