ብቻሽን ወደ ስቫልባርድ? ሂጂ፣ ግን ከፓስፖርትሽ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። ስዊድን እንደምትኖሪ፣ ፓስፖርትሽ የኢትዮጵያ እንደሆነና ነሐሴ ላይ ብቻሽን ለሦስት ሌሊት ስቫልባርድ መሄድ እንዳማረሽ ጽፈሻል። ያስገቡኛል ወይ፣ ለሴት ብቻዋን አያስፈራም ወይ፣ ሦስት ሌሊት ይበቃል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ኦስሎ ነው የምኖረው። በፍልሰታ ብቻዬን ሄጄ አይቼዋለሁ። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ስቫልባርድ ወደ ሰሜን ዋልታ የተጠጋ የኖርዌይ የደሴቶች ግዛት ነው፣ ሸንገን ውስጥ (የአውሮፓ አገሮች እርስ በርስ ድንበር ላይ ፓስፖርት ሳይጠይቁ የሚያሳልፉበት ስምምነት) ግን የለበትም። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። «የአገር ውስጥ በረራ ነው» ብሎ መታወቂያ ብቻ ይዞ ይመጣል። ኦስሎ ወይም ትሮምሶ ላይ የፓስፖርት ቁጥጥር አልፈሽ ከሸንገን ትወጫለሽ፣ ስትመለሺ ደግሞ እንደ አዲስ ትገቢያለሽ። የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽ ያላለቀ ከሆነና ፓስፖርትሽም የሚሠራ ከሆነ ችግር የለም፤ ሁለቱንም ያዢ። ካርድሽ ለእድሳት ገብቶ ከሆነ ግን አዲሱ እጅሽ እስኪገባ ትኬት አትቁረጪ። ይህን የሚያነብ ከአገር ቤት በቪዛ የመጣ ሰው ካለ ደግሞ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። አለዚያ መሄዱን ይሄዳል፣ መመለሻው ላይ ነው ጉዱ።

የሚገርመው ደሴቱ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም። በ1920 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በተፈረመው የስቫልባርድ ውል ምክንያት ማንኛውም አገር ሰው ራሱን እስከቻለ ድረስ እዚያ መኖር ይችላል። ለዚህ ነው 2,500 ገደማ ሰው ባለባት በዋናዋ ከተማ በሎንግየርቢየን ከ50 በላይ አገር ሰዎች የሚኖሩት። ታይላንዶችና ፊሊፒኖች በርከት ይላሉ። ስለዚህ «ጥቁር ሆኜ ያፈጡብኛል ወይ» ለሚለው ስጋትሽ፣ እኔን ዞር ብሎ ያየኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ሁሉም መጤ ነው።

ብቻ ስለመሆን ደግሞ ላውራሽ። ከተማው ውስጥ ሴት ብቻዋን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብትዞር የሚነካት የለም። ጨለማም የለም። ፀሐይዋ ከኤፕሪል 20 አካባቢ ጀምሮ እስከ ኦገስት 23 ገደማ ጭራሽ አትጠልቅም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መንገዱ እንደ ቀትር በርቶ ነው የምታይው። እኔ የዓይን መሸፈኛ ባልይዝ ኖሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላይም ነበር።

የሚያስፈራው ሰው አይደለም፣ ድብ ነው። ከከተማው ስትወጪ የዋልታ ድብ የተሳለበት ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ። ቱሪስቱ ፎቶ ይነሳበታል፣ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ከዚያ ምልክት አልፎ ያለ ጠመንጃና ያለ ማስፈራሪያ መሄድ የለም። ጠመንጃ ለመከራየት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2020 ኦገስት መጨረሻ ላይ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለው የድንኳን ሰፈር አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ ድብ ገድሎታል። ለዚህ ነው ርካሽ ነው ተብሎ ድንኳን ሲመከርሽ እሺ እንዳትይ የምልሽ።

እንግዲህ ብቻሽን ብትሄጂም ከከተማ ውጭ ብቻሽን መሆን አትችይም። የጉዞሽ ዕቅድም የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው። ገንዘብሽን በትናንሽ ጉብኝቶች ከመበታተን አንድ ጥሩ የሙሉ ቀን የጀልባ ጉዞ ላይ አውይው። አስጎብኚው ጠመንጃውን አንግቶ ይመጣል፣ አንቺ ካሜራሽን ብቻ ትይዣለሽ። አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 የኖርዌይ ክሮነር በላይ ነው፣ ርካሽ አይደለም። ብቸኛ ተጓዥ መሆን እዚህ ጋ ይጠቅማል። ለቡድን የሞላ የሚመስል ጀልባ ላይ አንድ ወንበር አትጠፋም።

እኔ የመረጥኩት ፒራሚደንን ነው። ሶቪየቶች ድንጋይ ከሰል ሲያወጡባት የነበረች ከተማ ናት፣ በ1998 ጥለዋት ወጡ። መንገድ ላይ ኖርደንሾልድ የሚባለው የበረዶ ግግር ፊት ጀልባው ይቆማል። ሰማያዊ ግድግዳ ነው፣ ጫፉ ባሕሩ ውስጥ የገባ። ሞተሩ ሲጠፋ በረዶው ሲሰነጠቅ ይሰማል። ከዚያ ከተማዋ ትመጣለች። መዋኛ ገንዳ፣ የባህል አዳራሽ፣ ባዶ የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ መስኮቶቹን የባሕር ወፎች ጎጆ ሠርተውባቸዋል። መሀል አደባባዩ ላይ ደግሞ ሌኒን! የአዲስ አበባው ሌኒን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲገረሰስ ያየ የኛ አገር ሰው እዚህ ፊት ለፊት ሲገጥመው ምን እንደሚል እንጃ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ አብረውኝ የነበሩት ጀርመኖች ግን ምን እንዳሳቀኝ አልገባቸውም። ማስረዳቱም ረጅም ወሬ ሆነብኝ፣ ተውኩት።

የቀረው ጊዜ ለከተማው ይበቃል። ሙዚየሙ ጥሩ ነው፣ ግማሽ ቀን ስጪው። ከተማዋን በ1906 የከሰል ማዕድን ብሎ የቆረቆራት ሎንግየር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ስሟም ከእሱ ነው። የመጨረሻው የኖርዌይ ማዕድን በ2025 ተዘግቷል። የማዕድኑ ዘመን ልማድ ግን አለ። ሙዚየም፣ ቤተ ክርስቲያንና ብዙ ሆቴል ውስጥ ስትገቢ ጫማ ታወልቂያለሽ፤ ድሮ የከሰል ብናኝ እንዳይገባ ሲሉ የጀመሩት ነው። ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ብቻ ያልተቀደደ ካልሲ ያዢ። አጫጭር እግር ያላቸው ሬንዲር የሚባሉ የበረዶ አገር አጋዘኖች በየቤቱ ደጅ ሣር ሲግጡ ታያለሽ። አትጠጊያቸው እንጂ እነሱስ ግድ የላቸውም። ቀጭን ነጭ የባሕር ወፎች ግን ጎጆአቸው አጠገብ ካለፍሽ አናትሽን ሊወጉ ይወርዳሉ። እጅሽን ወይም ዱላ ከራስሽ በላይ አንሺ፣ ከፍ ያለውን ነው የሚመቱት።

የዘር ማከማቻውን ሁሉም ሰው ይጠይቃል። በ2008 የተከፈተው፣ ከየአገሩ የእህልና የተክል ዘር ግልባጭ ለመጠባበቂያ የሚቀመጥበት፣ ተራራ ውስጥ የተቆፈረው ማለቴ ነው። ጎብኚ አያስገባም፣ በሩን ብቻ ከውጭ ታያለሽ። «ለበር ብዬ አልሄድም» የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ሄጄ ቆሜያለሁ። አዲስ አበባ ጉርድ ሾላ ያለው ኢልሪ፣ የቁም እንስሳት ምርምር ተቋሙ፣ የሰበሰበው የመኖ ዘር ግልባጭ እዚያ ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ተቀምጧል። ነገሩ ለወግ የተደረገ እንዳይመስልሽ። የሶርያ ጦርነት አሌፖ የነበረውን የዘር ባንክ ከሥራ ውጭ ሲያደርገው፣ ተመራማሪዎቹ በ2015 ከዚህ ዘር አውጥተው ሊባኖስና ሞሮኮ ላይ እንደገና ማባዛት ጀመሩ።

ምግብ ላይ ተዘጋጂ፣ በተለይ የምትጾሚ ከሆነ። ምግብ ቤቱ ሥጋና ዓሣ ነው፣ አትክልቱ ከዋናው ምድር በመርከብና በአውሮፕላን ስለሚመጣ ውድ ነው። ኒቢየን የሚባለው ሰፈር፣ ድሮ የማዕድን ሠራተኞች ሲያድሩበት የነበረው፣ የጋራ ወጥ ቤት ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለው። ከመሀል ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፣ ዋጋው ግን ይሻላል። ሽሮና በሶ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ጀልባው ላይ በሶ ጨብጬ ስበላ የቀናብኝ አይጠፋም። «ፀሐይ ካልጠለቀች ጾም መቼ ይፈታል» ብለው ጓደኞቼ ቀልደውብኛል፣ እኔ እንደሁ የማውቀው 9 ሰዓት ነው፣ በሰዓቴ አየሁ፣ ፈታሁ።

ልብስ ላይ «ነሐሴ እኮ ነው» ብለሽ እንዳትዘናጊ። ከዜሮ በላይ 5 እና 6 ዲግሪ ነው፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ነፋስ አለ። ጓንት፣ ኮፍያ፣ ውኃ የማያስገባ ጃኬት። የጉዞ ኢንሹራንስም ይኑርሽ። ሆስፒታሉ ትንሽ ስለሆነ ከባድ ነገር ሲያጋጥም ሰውን በአውሮፕላን ወደ ትሮምሶ ነው የሚወስዱት።

ሦስት ሌሊት ይበቃል ወይ? ይበቃል፣ ግን ጀልባውን በመጀመሪያው ሙሉ ቀን ያዢው። ባሕሩ ከተናወጠና ጉዞው ከተሰረዘ የሚቀጥለው ቀን መጠባበቂያ ይሆንሻል። በመጨረሻው ቀን ያደረጉት ሰዎች ሳያዩ ተመልሰዋል። የሰሜን ብርሃን ግን በነሐሴ አትጠብቂ፣ ሰማዩ አይጨልምም። እሱን ከፈለግሽ ቀንም ሌሊትም በሚጨልምበት ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው፣ ያኔ ደግሞ የፒራሚደን ጀልባ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው እኔ ነሐሴን ነው የምመርጠው።

በይ አሁን የመኖሪያ ፈቃድሽ የሚያልቅበትን ቀን ተመልከቺና ንገሪኝ፣ ከዚያ ስለ ትኬቱ እናወራለን።