ወደ ታች የተገፋችው ሳተላይት ለምን ተመልሳ መጣች?

ከደሴ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ያልከው፦ ለትምህርት ቤት ዐውደ ርዕይ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የጠፈር ጣቢያ ማስመሰያ ሠርታችሁ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር ላይ ትንሽ ሳተላይት በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ምድር ትገፋላችሁ፣ እሷ ግን 92 ደቂቃ ላይ ተመልሳ ጣቢያውን ትመታለች።

92 ደቂቃ የሚለውን ሳይ ኮዱን ሳልከፍት ጠረጠርኩ። ጣቢያው ምድርን አንድ ዙር የሚዞርበት ጊዜ ነው። በቀጥታ ወደ ታች ገፍታችኋታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው ጉዳይ ነው። ሳተላይቷ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ፊት እየበረረች ነው። ወደ ታች ስትገፋት ይህ ፍጥነት አይነካም፣ ስለዚህ የዙሯ ጊዜም አይለወጥም። 880 ሜትር ያህል ትወርዳለች፣ ግማሽ ዙር ላይ 3.5 ኪሎ ሜትር ትቀድማለች፣ ከዚያ በላይ በኩል ዞራ ቤቷ ትገባለች። ወደ ኋላ ብትገፋት ግን ሌላ ነው። ሐረጎ መንገድ ላይ ፍሬን የያዘ መኪና ወደ ኋላ ይቀራል፣ ምህዋር (በምድር ዙሪያ ያለው መንገድ) ላይ ፍሬን የያዘ ግን ዝቅ ይልና ዙሩ ስለሚያጥርለት ይቀድማል! በዚያችው 1 ሜትር፣ አንድ ዙር ስትጨርስ ከጣቢያው ፊት 16.5 ኪሎ ሜትር ርቃለች።

ስለዚህ ወደ ኋላ ግፏት፣ ትንሽ ወደ ታች ብታዘነብሉም ጥሩ ነው። ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ፣ ኪቦ ከሚባለው የጃፓን ክፍል፣ ትንንሽ ሳተላይቶች የሚለቀቁት እንዲሁ ነው። ወደ ፊት ግን በፍጹም እንዳትገፉ። መጀመሪያ ከፍ ብላ ወደ ኋላ የቀረች ትመስላለች፣ ከዚያ ስሱ አየር ቀስ በቀስ ያወርዳትና በጣቢያው በኩል ታልፋለች።

አሁን ወደ ኮዱ። ምህዋሩ እያበጠ ሲያስቸግር ጓደኛህ በየእርምጃው ፍጥነት የሚቀንስ ቁጥር ጨምሯል። ይሄ ጥገና አይደለም፣ ቁስል ላይ ቀለም መቀባት ነው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ያናድደኛል። አውጣው። ጥፋቱ ከሆነ ቦታ የተቀዳው ርካሹ የኦይለር ስሌት (ቦታንና ፍጥነትን በትንንሽ የጊዜ እርምጃ የሚያሰላ ዘዴ) ነው፣ በየዙሩ ከየትም ያልመጣ ጉልበት ይጨምራል። መፍትሄው የሁለት መስመር ቦታ መለዋወጥ ነው፦ መጀመሪያ ፍጥነቱን አድስ፣ ከዚያ በአዲሱ ፍጥነት ቦታውን። እርምጃውንም ወደ 1 ሰከንድ አውርደው።

ምድር ላይ ማሳረፍ ከፈለጋችሁ 1 ሜትር አይበቃም። በዚያው ዙር አየር ውስጥ እንድትገባ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ መቀነስ አለባችሁ፣ ያንንም ከጣቢያው በደንብ ከራቀች በኋላ በራሷ ሞተር። ሙከራውን ቢያንስ 10 ዙር አስኪዱትና ከተለቀቀች በኋላ በሳተላይቷና በጣቢያው መካከል ያለው ርቀት መቼም ወደ ዜሮ እንደማይጠጋ እዩ። ደግሜ እላለሁ፣ ወደ ፊት አትግፉ።