ከሩጫው በፊት የወጡን ዘይት ስፈሩት

ልጆቼ፣

በደብረ ብርሃን ውርጭ ማልዳችሁ የምትሮጡት ብዙ ናችሁ፤ ደስ ይለኛል። ግን ወር ሮጣችሁ ክብደታችሁ ካልቀነሰ፣ ጉዳዩ ያለው ከማዕዱ ላይ ነው።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 350 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ አለው፤ ሦስት ማንኪያ የጠዋቱን ልፋት ያጣፋዋል። በጾም ቅቤው ስለቀረ የቀለለን ይመስለናል እንጂ ሽሮውም ምስሩም በዘይት ይዋኛል። ከጀሪካኑ በግምት የሚንቆረቆረውን አንድ ቀን በማንኪያ ስፈሩት፣ ትደነግጣላችሁ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉት። ቡናማ ሲሆን ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ወጡ አይጎድልበትም።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በቀን 500 ብታጎድሉ መጀመሪያ አካባቢ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ትቀንሳላችሁ፤ ሰውነት ሲቀል የሚፈልገውም ስለሚያንስ ኋላ ላይ ይቀዘቅዛል። ሁሉንም በሩጫ ለማውጣት አትታገሉ። ሁለት ማንኪያ ዘይትና አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ስትተዉ 300 ሞላ፤ ቀሪውን 200 የ45 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ይሸፍነዋል። ምግብ አብዝቶ ቆርጦ ብዙ መሮጥ ጡንቻንም ይበላል፣ ማታም ረሃቡ ያሸንፋል። ጡንቻው እንዳይሄድ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ ሥሩ፤ ባቄላና ምስር፣ በፍስክ ደግሞ እንቁላል ከገበታችሁ አይጥፋ።

ቆሎ መልካም ምግብ ነው፤ ግን 100 ግራሙ ከ350 ካሎሪ አያንስምና ከከረጢቱ እየዘገናችሁ አትቆርጥሙ፣ በስኒ ለክታችሁ ብሉ። አረቄም ካሎሪ አለው፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ፣ ማለዳ ሮጣችሁ ያለ ውኃ አትዋሉ፤ ልምምዱን ከመብላታችሁ ጥቂት ቀደም አድርጉት። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ለትምህርት የወጣችሁ ደግሞ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በእርምጃ ጀምሩ።

ሚዛን ላይ የምትወጡት ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ሳትበሉ ይሁን። ጨውና ውኃ ብቻ በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ሊያወጣ ሊያወርድ ስለሚችል የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር አነጻጽሩ። የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ግን ምግብ ሳትቀንሱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል።