ኮንቱር እንቢ ላላት የሐይቅ ልጅ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። 11ኛ ክፍል ነሽ፤ የምትማሪው ሐይቅ ከተማ ነው። ታሪኩም ኢኮኖሚክሱም ይገባሻል። ጂኦግራፊ ላይ ካርታ ንባብ፣ በተለይ ኮንቱር የሚባሉት የከፍታ መስመሮች ሲመጡ ግን «መስመሮቹ የተበተነ ክር ይመስሉኛል፤ ልሸምድደው ወይስ ልተወው?» ብለሻል።

አብሽሪ እህቴ። እኔም ደሴ ስማር እንዳንቺው ነበርኩ። ዛሬ የመንገድ ቀያሽ ነኝ፤ እንጀራዬን የምበላው ከነዚሁ ክሮች ነው። ስለዚህ አትተዪው። ሽምደዳውን ግን እርሺው። እኔ ሸምድጄ ገብቼ የሆንኩትን ልንገርሽ። ፈተናው ላይ ሸለቆውን ሸንተረር አልኩት። ሸንተረሩን ደግሞ ሸለቆ አደረግኩና ወንዝ ሣልኩበት። መምህሩ ወረቀቴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይሄ ውኃ ዳገቱን የሚወጣው በፓምፕ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ክፍሉ ሁሉ እየተቀባበለ አነበበው።

ያዳነኝ ሳፋ ነው። አዎ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ። ጠንከር ያለ ጭቃ አቡኪና መሐሉ ላይ ተራራ ሥሪ። በአንድ ጎኑ በጣትሽ ከላይ ወደ ታች ቦይ አውጪለት፤ ሸለቆሽ እሱ ነው። በሌላው ጎን ጭቃውን እንደ አፍንጫ ወደ ውጭ ጎትተሽ አስረዝሚው፤ ሸንተረርሽ እሱ ነው። ከዚያ ውኃ በጣሳ ቀስ ብለሽ ጨምሪ። አንድ ጣት ያህል ከፍ ሲል ውኃው ጭቃውን የነካበትን ዳር በስንጥር ዙሪያውን ጫሪ። ደግመሽ ጨምሪ፣ ደግመሽ ጫሪ። ሲያልቅ ውኃውን ድፊውና ቆመሽ ከላይ ቁልቁል እዪው። የጫርሻቸው መስመሮች ኮንቱር ናቸው። አንድ መስመር ላይ ያለ ቦታ ሁሉ ከፍታው እኩል ነው ማለት ውኃው አንድ ጊዜ የነካው ዳር ነው ማለት ብቻ ነው። ቦዩ ጋ መስመሩ ወደ ተራራው አናት ገባ ብሎ ይታጠፋል። አፍንጫው ጋ ደግሞ ወደ ታች ወጣ ይላል። እኔ ይህን አንዴ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ወንዝ ዳገት አስወጥቼ አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። መስመሮቹ ላይ የተጻፉትን የከፍታ ቁጥሮች ሳታዪ አትፍረጂ። የተዘጋ ክብ ስታዪ ኮረብታ ነው ብለሽ አትቸኩዪ፤ ጎድጓዳም ሊሆን ይችላል። የራስሽ ሐይቅ ምስክር ነው። ውኃ ይገባበታል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ዙሪያውን ያለው መሬት ወደ እሱ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ መሐል ሲሄዱ ይቀንሳል።

መስመር ሲጠጋጋ ቀጥ ያለ፣ ሲራራቅ ለጥ ያለ መሬት ነው። ይህን ሁሉም ይነግርሻል። እኔ የምልሽ የሀገሩን ስም አዳምጪ ነው። አምባ ሲባል ካርታው ላይ ምን እንደሚመስል ገምቺ፤ ዳር ዳሩ መስመር በመስመር ተጣብቋል፣ መሐሉ ባዶ ነው። መቅደላን አስቢ። ቴዎድሮስ ለምን እዚያ እንደመሸጉ ኮንቱሩ ብቻውን ይነግርሻል። በር የሚባለውም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ስትሄጂ የምታልፊው ጣርማ በር በሁለት ከፍታዎች መሐል ያለ ማለፊያ ነው፤ በካርታ ቋንቋ ኮርቻ ይባላል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደብተርሽን ለሁለት ክፈዪና ኮርቻ ትይዩ ሳድል፣ ሸንተረር ትይዩ ሪጅ እያልሽ ጻፊ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው መሬቱ ጠፍቶት ሳይሆን ቃሉ ጠፍቶት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ልዩነቱ 650 ሜትር ነው። የመስመሮቹ ልዩነት 20 ሜትር በሆነ ካርታ ላይ ከ30 በላይ መስመር ይቆጠራል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በቀጥታ መስመር ግን ግማሹን ያህል ቢሆን ነው። 650ን ለ25,000 ስታካፍዪው ወደ 1 ለ38 ይመጣል፤ በየ38 ሜትሩ 1 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። በቀጥታ ቢሆን ግን 1 ለ20 አካባቢ ይሆን ነበር። በሁለቱ ከተሞች መሐል ባለው ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ለምን እንደ እባብ እንደሚጠማዘዝ ገባሽ? ቁልቁለቱን በርዝመት ነው የሚገዙት። ሙቀቱንም ከዚሁ ታገኚዋለሽ። በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ በ650 ሜትር 4 ዲግሪ ይሆናል። ደሴ ላይ የለበስነውን ጃኬት ኮምቦልቻ ስንደርስ የምናወልቀው ለዚህ ነው።

ስኬል ላይ፣ ማለትም ካርታው መሬቱን ስንት ጊዜ እንዳሳነሰው በሚናገረው ቁጥር ላይ፣ ነጥብ የሚያስጥል ነገር ሁለት ነው። አንዱ ሴንቲ ሜትርና ሜትር መደባለቅ። 1 ለ50,000 ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ እሱን ሳትቀይሪ አታካፍዪ። ሁለተኛው እኔን የበላኝ ነው። የተሰጠን ሃንድአውት በፎቶ ኮፒ ጎላ ተደርጎ ነበር። እኔ የተጻፈውን 1 ለ50,000 አምኜ ለካሁ። ካርታው ሲጎላ የተጻፈው ቁጥር አብሮ አይቀየርም፤ ከሥር የተሠመረው የመስመር ስኬል ግን አብሮ ይጎላል። ስለዚህ ኮፒ ላይ ሁልጊዜ በመስመሩ ለኪ።

ኬክሮስና ኬንትሮስ ደረቅ ከሆነብሽ ሚያዝያ 12 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ላይ ግቢ ውስጥ እንጨት ቀጥ አድርገሽ ትከዪ። ጥላው ከሥሩ ይጠፋል። ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ከምናምን ላይ ስለሆነች ፀሐይ ያን ቀን አናቷ ላይ ትቆማለች። ለምን 6 ሰዓት ላይ አልሆነም ትዪኝ ይሆናል። ሰዓታችን የተቆረጠው ኦጋዴን ላይ በሚያልፈው 45 ዲግሪ ነው። እናንተ ከዚያ ከ5 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ናችሁ፣ አንዱ ዲግሪ ደግሞ 4 ደቂቃ ነው። ነሐሴም ላይ ይደገማል፣ ግን በወሎ ክረምት ፀሐይ አገኛለሁ ብለሽ አትድከሚ።

ተፋሰሱን ለመያዝ ደግሞ አንድ ነገር ይበቃሻል። ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ፤ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር ላይ ይቀራል። በመቅደላና ተንታ በኩል ያለው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ካርታሽ ላይ በሁለቱ መሐል በእርሳስ አስምሪ። አስቸጋሪው ክፍል እሱ ስለሆነ እዚያ ጋ ከተጣበቅሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን። ሳፋውን ግን እናትሽ ሳያዩት እጠቢው።